«የመጀመሪያዋ ሴት» ከመባል በፊት የነበሩት 40 ዓመታት

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ሲሆን የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪ የሆነችው ልጄ ከኢኮኖሚክስ በቀር ሌላ አላጠናም ብላለች። ምክንያቷን ስጠይቃት የዓለም ንግድ ድርጅትን የሚመሩትን ናይጄሪያዊት ታነሳለች። እኒህ ሴት እዚያ የደረሱት በትምህርታቸው ነው ወይስ በዘመድና በፖለቲካ? ወንበሩስ ሥልጣን አለው ወይስ ስም ብቻ ነው? ለእኛ ከተማ የሚያመጣው ነገር ካለም ቢያስረዱኝ።

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ላይ ኢኮኖሚክስ ሳስተምር ይህን ጥርጣሬ ይዘው የሚመጡ ወላጆች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹ የሚጠይቁኝ ልጃቸው ወደፊት ስለምታገኘው ደመወዝ ነው፤ እርስዎ ግን ልጅዎ የጠራችውን ሰው ታሪክ መርምረው ለመወሰን ስለፈለጉ ጥያቄዎን በደስታ ተቀብዬዋለሁ። ስለ ዶክተር ንጎዚ ኦኮንጆ ኢዌላ ሲነገር ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው «የመጀመሪያዋ ሴት፣ የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት» የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ድርጅቱ በ1995 ከተመሠረተ ወዲህ ከእርሳቸው በፊት የመሩት ስድስቱም ዋና ዳይሬክተሮች ወንዶች ነበሩ፣ ከአፍሪካ የመጣም አንድ አልነበረም። ይሁንና አባባሉ የሚያሳየው የሹመቱን ቀን ብቻ ስለሆነ አንዲትን የ12ኛ ክፍል ተማሪ ብዙም አያስተምራትም። የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ካገኙበት ከ1981 አንሥቶ ወንበሩ ላይ እስከተቀመጡበት እስከ 2021 ድረስ ያለው ጊዜ 40 ዓመት ነው፤ ልጅዎ ልታውቅ የሚገባት እነዚያን 40 ዓመታት ይመስለኛል። (ዓ.ም. ብዬ ካልጠቀስኩ በቀር ወሩንም ዘመኑንም የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ስለ ዘመድ ለጠየቁኝ እውነቱን ልንገርዎ። የተማረ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። በሰኔ 1954 በደቡብ ናይጄሪያ በምትገኘው ኦግዋሺ ኡኩ ተወለዱ፤ አባታቸውም እናታቸውም ፕሮፌሰሮች ነበሩ፣ አባታቸው በኋላ ዘመን የአካባቢው ባህላዊ ንጉሥ ሆነዋል። ወላጆቻቸው ለትምህርት ባሕር ማዶ በነበሩባቸው ዓመታት ያሳደጓቸው አያታቸው ናቸው። ስለዚህ ከምንም ተነሡ ማለት አይቻልም፤ ልጅዎም እንዲህ ያለ ተረት እንድትሰማ አልፈልግም። ሆኖም ያ ቤተሰብ ከ1967 እስከ 1970 ከዘለቀው የናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ከቢያፍራ ጦርነት አላመለጠም። ዶክተር ንጎዚ ራሳቸው በአደባባይ እንደተናገሩት፣ የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ የሦስት ዓመት እኅታቸው በወባ ተይዛ ልትሞት ደርሳ ነበር። አባታቸው ጦር ሠራዊት ውስጥ ነበሩ፣ እናታቸውም ታመው ተኝተዋል። ልጅቱን በጀርባቸው አዝለው 10 ኪሎ ሜትር ያህል በእግራቸው ተጉዘው፣ አንዲት ሐኪም ወደምታክምበት ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ በሩን ለመስበር የሚጋፋ አንድ ሺህ የሚያህል ሰው አገኙ። በሰው እግር መካከል ተሽሎክልከው፣ በመስኮት ዘልቀው ገቡ፤ ልጅቱም መርፌ ተወግታ ተረፈች። በወሎ እንዲህ ያለውን መንገድ ሕፃን አዝሎ የተጓዘ ሰው ስንት እንደሆነ እርስዎም ያውቁታልና አላብራራውም።

ወደ አሜሪካ የሄዱት በ1973 ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ አጥንተው በ1976 በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቁ፤ ከዚያም በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እስከ ዶክትሬት ዘለቁ። የመመረቂያ ጽሑፋቸው ስለ ብድር ፖሊሲ፣ ስለ ገጠር የገንዘብ ገበያና ስለ ናይጄሪያ ግብርና ዕድገት ነበር። ይህን የምጠቅሰው ያለ ምክንያት አይደለም። የኢኮኖሚክስ ባለሙያ ሲባል የባንክ ጠረጴዛ ብቻ ለሚታየው ሰው፣ የእኒህ ሴት ጉዞ የጀመረው «ገበሬው ዘርና ማዳበሪያ የሚገዛበትን ገንዘብ ከየት ያገኛል?» ከሚለው ጥያቄ መሆኑን ማወቅ ብዙ ነገር ይለውጣል። ጥያቄው ለእኛም አዲስ አይደለም። በወሎ ገጠር ከወለድ ርቆ ለመኖር ሲል ከባንክ ደጃፍ የሚመለስ ገበሬ እጅግ ብዙ ነው፤ ከወለድ ነፃ የሆነው የባንክ አገልግሎት የተስፋፋውም ይህ ሁሉ ሰው ከገንዘብ ገበያው ውጭ በመኖሩ ነው።

እንዲያውም በዓለም ላይ ኢኮኖሚክስ ለሚማር ሁሉ ወሎ አንድ ትልቅ ምዕራፍ ናት። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በክፍለ ሀገሩ የደረሰውን ረሃብ ያጠናው ሕንዳዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ አማርትያ ሴን፣ በዚያ ዘመን በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከወትሮው ብዙም እንዳልናረ፣ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚጫን እህል እንኳ እንደነበረ አሳይቷል። ሰው ያለቀው እህሉ ከሀገር ስለጠፋ ሳይሆን ገበሬውም አርብቶ አደሩም የሚገዛበት አቅም በማጣቱ ነበር። አዝመራው ሲከሽፍ ገበሬው የሚሸጠው አጣ፤ የአፋሩ አርብቶ አደርም ከብቱ እያለቀ የተረፈው በእህል ሲመነዘር ዋጋው ወደቀበት። የዋጋ ዝርዝር አሰባስቦ ማነጻጸር የሰው ሕይወትን ጉዳይ ምን ያህል እንደሚገልጥ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም። የዶክተር ንጎዚ ትምህርትም የዚሁ ዘርፍ ነው፤ ስለ እርሻ፣ ስለ ብድርና ስለ መግዛት አቅም።

የዓለም ባንክ ዘመናቸውን በአጭሩ ልለፈው፤ በወጣት ባለሙያነት ገብተው፣ በመካከል በሀገራቸው ያገለገሉበትን ጊዜ ትቶ፣ 25 ዓመት ያህል ሠርተዋል። ከ2007 እስከ 2011 ድረስ ከባንኩ ፕሬዚዳንት ቀጥሎ ካሉት ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዷ ሆነው በማኔጂንግ ዳይሬክተርነት አገልግለዋል። ረጅም ማብራሪያ የሚገባው ግን በመካከሉ የሆነው ነው።

በ2003 ፕሬዚዳንት ኦባሳንጆ የገንዘብ ሚኒስትር አድርገው ሾሟቸው፤ በናይጄሪያ ታሪክ በዚያ ወንበር የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ያኔ ናይጄሪያ ፓሪስ ክለብ ለሚባለው የአበዳሪ መንግሥታት ስብስብ ብቻ 30 ቢሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ነበረባት። እርስዎ ነጋዴ ስለሆኑ የዱቤ ነገር ይገባዎታል፦ ዋናው ብድር ትንሽ ሆኖ ሳለ ወለዱና የመዘግየት ቅጣቱ እየተቆለለ ከዋናው የሚበልጥበት ጊዜ አለ። የናይጄሪያም ዕዳ በአብዛኛው እንዲህ የተከመረ ነበር። አበዳሪዎቹ ደግሞ «ነዳጅ እየሸጣችሁ ስለ ምን ዕዳ እንሰርዝላችሁ?» ይሉ ነበር። መልሱ ልመና ሊሆን አይችልም ነበር። ዶክተር ንጎዚና የሥራ ባልደረቦቻቸው አስቀድመው የቤታቸውን ሒሳብ አስተካከሉ፤ በጀቱ የሚሰላው ከገበያው ዝቅ ባለ የነዳጅ ዋጋ እንዲሆን አደረጉ፣ ከዚያ በላይ የተገኘውም በተለየ ሒሳብ እንዲቀመጥ ሆነ። ይህን ይዘው ተደራደሩ። በጥቅምት 2005 በተደረሰው ስምምነት 18 ቢሊዮን ዶላር ተሰረዘ፣ 12 ቢሊዮን ያህሉን ናይጄሪያ ውዝፉን በመክፈልና ቀሪውን በቅናሽ በመግዛት አጠናቀቀች። በሚቀጥለው ዓመት ሚያዝያ ላይ ጉዳዩ ተዘጋ።

ከዕዳው ስረዛ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ሥራቸው ነው። የፌዴራሉ መንግሥት ለ36ቱ ስቴቶችና ለ774ቱ የአካባቢ መስተዳድሮች በየወሩ የሚልከው ገንዘብ በጋዜጣ ታትሞ እንዲወጣ አደረጉ። እስከዚያ ድረስ አንድ የመንደር ሰው ለመስተዳድሩ ስንት እንደተላከ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ከዚያ ወዲያ ግን ጋዜጣውን ይዞ «ትምህርት ቤቱ ስለ ምን አልተጠገነም?» ብሎ ለመጠየቅ ቻለ። ቁጥርን ለሕዝብ ማውጣት ቀላል ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን በስውር የሚበላን ሰው ከዚህ የበለጠ የሚያስቆጣው ነገር የለም። ስማቸውን አጣመው «ኦኮንጆ ዋሃላ» ይሏቸው የነበረው በዚህና በመሳሰለው ሥራቸው ነው፤ ዋሃላ በናይጄሪያ አነጋገር ችግር፣ ጣጣ ማለት ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ሚኒስትር በሆኑበት ከ2011 እስከ 2015 ባለው ጊዜ የከፈሉት ዋጋ ከስም ማጥፋት ያለፈ ነበር። በታኅሣሥ 2012 እናታቸው ታፍነው ተወሰዱ፤ ዕድሜያቸው ከ80 ያለፈ አሮጊት ነበሩ። አፋኞቹ የጠየቁት ልጃቸው ሥልጣናቸውን እንዲለቁ ነበር። ከነዳጅ ድጎማ ጋር በተያያዘ የማጭበርበር ክፍያ ስለተከለከሉ የተቆጡ ሰዎች ሥራ እንደነበር ዶክተር ንጎዚ በኋላ ተናግረዋል። እናቲቱ ከአምስት ቀን በኋላ ተለቀቁ፣ ልጃቸውም ሥራቸውን አልለቀቁም።

እዚህ ላይ ጉድለታቸውንም ካልነገርኩዎ ምላሼ ሚዛን ያጣል። በጥር 2012 መጀመሪያ የናይጄሪያ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን በአንድ ጀምበር አነሣ፤ 65 ናይራ የነበረው የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ ከ140 ናይራ በላይ ዘለለ። ሀገሩ ሁሉ ሥራ አቆመ፣ ሰውም ሞተ። መንግሥት ዋጋውን ወደ 97 ናይራ ለመመለስ ተገደደ። ድጎማው ሀብታሙንና ኮንትሮባንዲስቱን ይጠቅም እንደነበር ስሌቱ ትክክል ነበር። ሆኖም ደኻው ስለ ድጎማ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመንግሥት የሚደርሰው እርሱ ብቻ መሆኑን። የታክሲው ሒሳብና የበርበሬው ዋጋ ሲጨምር የሚካካስበት ነገር አስቀድሞ ሳይዘጋጅ ድጎማን ማንሣት፣ በእኔ ግምት፣ ከባድ ስሕተት ነበር። ልጅዎ ኢኮኖሚክስ ብታጠና ከስሌቱ እኩል መማር ያለባት ይህንን ነው።

አሁን ወደ ፖለቲካው ጥያቄዎ ልመለስ። በ2012 ለዓለም ባንክ ፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው ነበር። ባንኩ ከተቋቋመ ጀምሮ ወንበሩን የያዙት ሁልጊዜ አሜሪካ ያቀረበቻቸው ሰዎች ናቸው፤ በዚያ ዓመትም የሆነው ይኸው ነው፣ የተመረጡት ጂም ዮንግ ኪም ሆኑ። ብዙ የሙያ ሰዎች ዶክተር ንጎዚ በልምድ እንደሚበልጡ በግልጽ ጽፈው ነበር፣ ነገር ግን ልምድ ብቻውን አልበቃም። በ2020 ዋና ዳይሬክተሩ ሮቤርቶ አዜቬዶ የሥራ ዘመናቸው ሳያልቅ ሲለቁ፣ ለዓለም ንግድ ድርጅት መሪነት ስምንት ሰዎች ቀረቡ። ከተደጋጋሚ ምክክር በኋላ ሁለት ሴቶች ቀሩ፤ እርሳቸውና የደቡብ ኮሪያዋ የንግድ ሚኒስትር ዩ ምዩንግ ሂ። በጥቅምት መጨረሻ ሰፊው ድጋፍ የዶክተር ንጎዚ መሆኑ ቢታወቅም የትራምፕ አስተዳደር አልቀበልም በማለቱ ጉዳዩ ለወራት ተንጠለጠለ። በዋሽንግተን መንግሥት ከተለወጠ በኋላ በየካቲት 2021 ተመረጡ፣ መጋቢት 1 ቀን ሥራ ጀመሩ። እንግዲህ ፖለቲካ አለበት ወይ ካሉኝ፣ አዎን፣ አለበት፤ አንድ ጊዜ በሩን ዘግቶባቸዋል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ አዘግይቶ ከፍቶላቸዋል። በሩ በተከፈተ ጊዜ ግን የ40 ዓመት ሥራ ይዘው ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር።

ስለ ወንበሩ ሥልጣን ለማስረዳት በወሎ የምናውቀውን የአባጋር ሥርዓት ልጥቀስ። አባጋር ሲቀመጥ ፖሊስም እስር ቤትም የለውም። የገዳይና የሟች ወገኖች ፊቱ ይቀመጣሉ፤ እርሱ ይሰማል፣ ይመላለሳል፣ የአንዱን ቃል ለሌላው በሚያስማማ መንገድ ያደርሳል፣ ሁለቱም ካልተቀበሉ ግን የሚያስገድድበት ኃይል የለውም። የዓለም ንግድ ድርጅት 166 አባላት አሉት፤ ውሳኔ የሚተላለፈው ሁሉም ሲስማሙ፣ ወይም ቢያንስ የሚቃወም ሲጠፋ ነው። ዋና ዳይሬክተሯ ድምፅ የላቸውም፣ በማንም ሀገር ላይ ታሪፍ መጣልም ማንሣትም አይችሉም። ያላቸው መሣሪያ መረጃ፣ ትዕግሥትና መደመጥ ነው።

ያም ሆኖ በሰኔ 2022 በጄኔቭ በተደረገው የሚኒስትሮች ጉባኤ ምን እንደሠራ ታይቷል። ጉባኤው ሊያልቅ ከተያዘለት ቀን አልፎ ሌሊቱን ሁሉ ከተደራደረ በኋላ ሰኔ 17 ቀን ማለዳ የውሳኔ ጥቅል ይዞ ወጣ። ከነዚህ አንዱ የባሕር ዓሣን የሚያራቁቱ ድጎማዎችን የሚገድበው ስምምነት ነው፤ ድርድሩ ከ20 ዓመት በላይ ተጓትቶ ነበር፣ ከአባላቱ ሁለት ሦስተኛው አጽድቀውት በመስከረም 2025 ሥራ ላይ ውሏል። (የውስጥ ውኃ ስለማይመለከት የሐይቅን ዓሣ አስጋሪዎች አይነካም።) ለእኛ ሰው የሚቀርበው ግን ሁለተኛው ነው፦ የዓለም የምግብ ፕሮግራም ለዕርዳታ በሚገዛው እህል ላይ አባል ሀገራት የወጪ ንግድ ክልከላ እንዳይጥሉ ተስማሙ። የዩክሬን ጦርነት የስንዴን ዋጋ ባናረበት በዚያ ወቅት፣ ከወሎ በላይ የዚህ ውሳኔ ትርጉም የሚገባው ሀገር ብዙ አይገኝም። ስለ ኮቪድ ክትባት የፈጠራ መብት የተደረሰው ስምምነት ግን ከተጠየቀው እጅግ ያነሰና የዘገየ ነበር። የድርጅቱ የይግባኝ ችሎትም አሜሪካ የዳኞችን ሹመት በማገዷ ከታኅሣሥ 2019 ጀምሮ ሥራ አቁሟል፤ ዋና ዳይሬክተሯም ሊያስጀምሩት አልቻሉም። አባላቱ ግን በኅዳር 2024 ያለ ተፎካካሪ ለሁለተኛ የሥራ ዘመን መርጠዋቸዋል።

ለኮምቦልቻ ምን ያመጣል ለሚለው፣ መጀመሪያ አንድ መደባለቅ ላጥራ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውን የኢንዱስትሪ ፓርካችሁን የነካው የአጎዋ ጉዳይ ከዚህ ድርጅት ጋር አይገናኝም። አጎዋ ከአፍሪካ የሚሄድ ዕቃ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ እንዲገባ የሚፈቅድ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት ያወጣው ሕግ ነው፤ ኢትዮጵያን ከጥር 2022 ጀምሮ ከተጠቃሚነት ያስወጣትም የአሜሪካ መንግሥት ነው፣ ዶክተር ንጎዚ ሊመልሱት አይችሉም። የሚመለከታችሁ ሌላ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በጥር 2003 ሲሆን ድርድሩ ከ20 ዓመት በላይ ቆይቷል። አባልነት ሲመጣ መንግሥት በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ከዚህ በላይ ቀረጥ አልጥልም ብሎ ጣሪያ ያስቀምጣል። ለእርስዎ ከውጭ የሚገባው ጨርቅ ሊረክስ ይችላል፤ ለፋብሪካውና ለሸማኔው ግን ውድድሩ ይጠነክራል። ጣሪያው ለየትኛው ጨርቅ ከፍ፣ ለየትኛው ዝቅ ይበል የሚለውን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የሚከራከረው ደግሞ የእኛው ባለሙያ ነው። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ኮምቦልቻን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ለከተማዋ ልዩነት ያመጣል፤ የልጅዎን ፍላጎት በአክብሮት የማየውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዶክተር ንጎዚ በዚህ መንገድ ብቻቸውን እንዳልሆኑም ይንገሯት። አን ክሩገር በ1982 የዓለም ባንክ ዋና ኢኮኖሚስት የሆኑ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው፤ ካሜሩናዊቷ ቬራ ሶንግዌ ደግሞ እዚሁ አዲስ አበባ ያለውን የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንን ከ2017 እስከ 2022 በዋና ጸሐፊነት መርተዋል፣ እርሳቸውም በዚያ ወንበር የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ።

በመጨረሻ ስለ ጥናቱ። በማኅበራዊ ሳይንስ ዘርፍ ያሉ ተማሪዎች ሒሳብን የማለፊያ ያህል ብቻ ይይዙታል፤ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ኢኮኖሚክስ ሲጀምሩ የሚሰናከሉት በዚህ ነው። በተለይ ልጃገረዶቹ «ሒሳብ አይሆነኝም» ሲሉ መስማት ያሳዝነኛል፤ ይህን ያስባላቸው ሰው እንጂ ሒሳቡ አይደለምና። ልጅዎ ከአሁኑ ሒሳብና ስታቲስቲክስ ታጠንክር፣ እንግሊዝኛዋን ታሻሽል። ከእርስዎ ደግሞ አንድ ነገር እለምናለሁ። የሱቅዎን መዝገብ ይስጧትና ያለፈውን ዓመት የዱቤ ሽያጭ በየወሩ ከፍላ ታስላው። ከዚያም ሲመችዎ ለሰኞ ገበያ ወደ ባቲ ይዘዋት ይሂዱ፤ ከአፋር የመጣው የአንድ ፍየል ዋጋና የአንድ ኩንታል ማሽላ ዋጋ በአንድ ደብተር ላይ ጎን ለጎን ይጻፍ። ለስድስት ወር በየአሥራ አምስት ቀኑ ሳታቋርጥ ከመዘገበች በኋላ አንድ ፍየል ስንት ኪሎ ማሽላ እንደሚገዛ በየጊዜው ታስላ። ደብተሩን ይዛ ደሴ ብትመጣ አብሬያት ተቀምጬ አነብበዋለሁ።